ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ፤ ስለ ጣና ዓሣ ፥ ስለ ክርና ስለ መንጠቆ አመራረጥ

ዓሣን በመንጠቆ ማጥመድ በብዙ ሰው ዘንድ ወይ የድኻ መተዳደሪያ ወይ የሥራ ፈት ጨዋታ ሆኖ ይቈጠራል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለሚመረምረው ሰው ግን ትዕግሥትንና ማስተዋልን የሚያለማምድ ጥበብ ነው። ጴጥሮስና እንድርያስ ፥ ያዕቆብና ዮሐንስ ለሐዋርያነት የተጠሩት ከመረባቸው ላይ ነበረ። በኤውሮፓም መኳንንቱና ሹማምንቱ ከሥራቸው ዕረፍት ባገኙ ጊዜ ዘንግና ክር ይዘው ወደ ወንዝ መውረድን እንደ ክብር ይቈጥሩታል። እንግሊዛዊው ኢዛቅ ዋልተን ስለዚሁ ጥበብ ስመ ጥር መጽሐፉን ያሳተመው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1653 ዓ.ም. ነው ፤ በዚያን ጊዜ በእኛ አገር አፄ ፋሲል በጎንደር ዙፋን ላይ ነበሩ።

ለፈረንጆች ከዓሣ ሁሉ የተከበረው ሳልሞን የሚባለው ነው። ሳልሞን በወንዝ ይወለዳል ፤ ጥቂት ካደገ በኋላ ወደ ውቅያኖስ ወርዶ በዚያ ይሰባል ፤ ለመራባት በደረሰ ጊዜም የተወለደበትን ወንዝ በሽታው ለይቶ ፥ ፏፏቴውን እየዘለለ ፥ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ላይ ይወጣል። ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት ስፍራ ውሃው ጨረቃና ፀሐይ ስለሚስቡት በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል ፥ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ዓሣው ከሙላቱ ጋር ወደ ወንዙ ይገባልና አጥማጁም የሙላቱን ሰዓት ጠብቆ ይቆማል። የሚያስገርመው ነገር ሳልሞን አንድ ጊዜ ወደ ወንዝ ከገባ በኋላ መብል መተዉ ነው። ስለዚህ አጥማጁ የሚያብለጨልጭ የብረት ማንኪያ ወይም ከላባ የተሠራ ዝንብ በፊቱ እያሳለፈ ያስቈጣዋል ፤ ተቈጥቶ በነከሰ ጊዜም ይያዛል። ውሃው ደፍርሶ እንደሆነ ትልቅና ደማቅ ፥ ጠርቶ እንደሆነ ትንሽና ደብዛዛ ማባበያ ይመረጣል።

ይህን የመሰለ ዓሣ በአገራችን አለን? ቢሉ ፥ የሳልሞን ዘመድ የሆነው ትራውት ከውጭ አገር መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ተራብቷል። የጎንደር ሰው ግን ያን ያህል መራቅ አያስፈልገውም። በዘሩ ሳልሞን ባይሆን በጠባዩ ሳልሞንን የሚመስል ፥ ከጣና በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ዓሣ ከደጁ አለለት።

የመንገዱ ነገር

የጎንደር ከተማ በሁለት ወንዞች መካከል የተቀመጠች ናት ፤ በስተ ምሥራቅ አንገረብ ፥ በስተ ምዕራብ ቀሐ ይወርዳሉ። በጥምቀት ጊዜ የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከዚሁ ከቀሐ በሚመጣ ውሃ ነው። ሁለቱም ወንዞች ከተማይቱን አቅፈው ወደ ደቡብ ይወርዱና ከመገጭ ይገባሉ ፤ መገጭም የሰሜኑን ደጋ ውሃ ሰብስቦ የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይደርሳል። እንግዲህ በጎንደር ከተማ ጣሪያ ላይ የወረደ የሐምሌ ዝናብ ጥቂት ቈይቶ በጣና ዓሣ ላይ እንደሚያልፍ አንባቢ ልብ ይበል ፤ ኋላ የምንናገረው ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነውና።

ወደ ጎርጎራ የሚወርድ ሰው በአዘዞ በኩል አልፎ ቆላ ድባን ይሻገራል ፤ መንገዱ በጠቅላላው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የደምቢያ ምድር ጥቁር መረሬ ነው ፤ በክረምት እግር የማያስነቅል ጭቃ ፥ በበጋ የተሰነጠቀ ደረቅ መሬት ይሆናል። ዝናቡ ሲያበቃ ጤፉና ሽምብራው ሜዳውን ይሸፍነዋል። ከቆላ ድባ አልፎ ጥቂት እንደ ተጓዙ አየሩ ይለወጣል ፤ ነፋሱ የውሃና የደንገል ሽታ ይዞ ይመጣል ፤ ከዚያም ጣና እንደ ብር ትሪ ተዘርግቶ ይታያል።

ጎርጎራ ከጎንደር በፊት የነገሥታት ማረፊያ የነበረች ስፍራ ናት። አፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን በዚያ አሠርተው ነበር ፤ ፍርስራሹ እስከ ዛሬ ይታያል። የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያንም በሥዕሎቿ የታወቀች ናት። ልጃቸው አፄ ፋሲል ግን ወደ ደጋው ወጥተው ጎንደርን መናገሻ አደረጉ። ጣና በስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከሁሉ በበለጠበት ስፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙ አያልፍም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ማዕበሉ ቶሎ ይቈጣል ፤ ስለዚህ ታንኳ የሚሳፈር ሰው ማለዳ ወጥቶ ከቀትር በፊት ይመለስ።

በዚህ ባሕር ላይ ከጥንት ጀምሮ በማጥመድ የታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ደንገሉን አጭደው ፥ በፀሐይ አድርቀው ፥ አስረው የሚሠሩት ታንኳ ሚስማር የለውም ፤ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድም በሌላ ይለወጣል።

ስለ ዓሣው ጠባይ

በጣና በብዛት የሚጠመደው ዓሣ ሦስት ወገን ነው። አንደኛው ቀረሶ ፥ ሁለተኛው አምባዛ ፥ ሦስተኛው ነጭ ዓሣ ይባላል። ከሳልሞን ጋር ያነጻጸርነው ይህ ሦስተኛው ነው።

የፍራንክፈርቱ ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1825 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር መጥቶ በተቀመጠ ጊዜ ከጣና ዓሣ ሰብስቦ ለኤውሮፓ ሊቃውንት ገለጠ። ከሰጣቸው የሊቃውንት ስሞች አንዱ «ጎርጓሪ» ነው ፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚለውን የአባቶች ተረት ለሚያውቅ ሰው ይህ ስም እንግዳ አይሆንበትም። ከዚያ በኋላ የሆላንድና የኢትዮጵያ ሊቃውንት መርምረው ነጭ ዓሣ ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ወገን ከ15 የማያንስ ልዩ ልዩ ዓይነት መሆኑን አስታወቁ። አንዱ ዓይነት በጎርጎራ ስም ተሰይሟል ፤ ሌላው ደግሞ መልኩ ትራውትን ስለሚመስል «ትራውት መሳይ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ባሕር ውስጥ ተለይተው የተገኙበት ምክንያት ፥ ዓባይ ከጣና ከወጣ በኋላ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ በጢስ ዓባይ 40 ሜትር ከሚሆን ገደል ስለሚወድቅ ከበታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ ለመውጣት ስለማይችል ነው። ፏፏቴው እንደ በር ተዘግቶ የጣናን ዓሣ ለብቻው አኖረው።

ጣና እንደ ውቅያኖስ በጨረቃ አይሞላም ፤ የእርሱ ሙላት ክረምት ነው። ሐምሌ በገባ ጊዜ ከነጭ ዓሣ ብዙው ዓይነት በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባል ፤ በመገጭና በድርማ ፥ በርብና በጉማራ ፥ በገልዳም። በዚያ ሆኖ ጎርፉን ይጠብቃል። ጎርፉ በመጣ ጊዜ ወደ ወንዙ ገብቶ ወደ ላይ ይወጣና ውሃው ጠርቶ በጠጠር ላይ በፍጥነት ወደሚወርድባቸው ትናንሽ ገባሮች ይደርሳል ፤ እንቁላሉንም በዚያ ይጥላል። ጠጠሩ እንቁላሉን ይይዝለታል ፤ የሚሮጠው ውሃ ይተነፍስለታል። ይህ ሥራ እስከ መስከረም ይቆያል። ከዚያም ወላጁ ወደ ባሕሩ ይመለሳል ፤ ልጆቹም ጥቂት ካደጉ በኋላ ይከተሉታል።

ስለ ክር

ክርን በተመለከተ አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው ፥ የወፈረ ክር ሁሉ የተሻለ አለመሆኑ ነው። በዋልተን ዘመን ክሩ ከፈረስ ጭራ ይገመድ ነበር ፤ ኋላም ሐር መጣ ፤ ዛሬ ግን በሁሉ ዘንድ የሚሠራበት ናይሎን ነው። ክሩ በወፈረ መጠን ዓሣው ያየዋል ፤ ማባበያውም በውሃው ውስጥ እንደ ሕያው ነገር አይንቀሳቀስም። ክሩ በቀጠነ መጠን ደግሞ ትልቅ ዓሣ በያዘ ጊዜ ይበጠሳል ፤ ዓሣውም መንጠቆ በአፉ እንደ ተሰካ ይሄዳል ፤ ይህም በከንቱ ማሠቃየት ነው።

ስለዚህ ለቀረሶ ውፍረቱ 0.20 ሚሊ ሜትር የሆነ ፥ 3 ኪሎ ያህል የሚችል ክር ይበቃል። ለነጭ ዓሣ 0.30 ሚሊ ሜትር የሆነ ፥ 6 ኪሎ ያህል የሚችል ይመረጥ። አምባዛ ግን ጉልበታምና ጭቃ ውስጥ የሚሸሽ ስለሆነ ከ0.45 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ያስፈልገዋል። ነጭ ዓሣ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም ፤ ጥርሱ በጉሮሮው ውስጥ ነው። ስለዚህ በመንጠቆውና በክሩ መካከል የብረት ሽቦ ማግባት ትርፍ ሥራ ነው።

ናይሎን በፀሐይ ይደክማል ፤ ባለፈው ዓመት የተገዛና በመስኮት አጠገብ የሰነበተ ክር ለዓይን ደኅና መስሎ ለእጅ ይበጠሳል። ቋጠሮውንም ከማጥበቅ አስቀድሞ በምራቅ ማርጠብ ይገባል ፤ ክሩ በደረቁ ሲፋተግ ግሎ ይደክማልና።

ስለ መንጠቆና ስለ ማባበያ

የመንጠቆ ደኅንነት በስለቱ ይታወቃል። ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ አሳርፎ ቀስ ብሎ መሳብ ነው ፤ ከተንሸራተተ የደነዘ ነው ፤ ከያዘ የተሳለ ነው። በጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የተመለሰችውን ትንሽ እሾህ በጉጠት ተጭኖ ማስተኛት ደግሞ መልካም ነው። እንዲህ የሆነ እንደሆነ ያልደረሰ ዓሣ በተያዘ ጊዜ ሳይጎዳ ይለቀቃል።

ማባበያው እንደ ዓሣው ወገን ይለያያል። ቀረሶ በውሃ ውስጥ ያለውን ለምለም ነገር የሚመገብ ስለሆነ ትንሽ መንጠቆ ላይ ሊጥ ወይም የምድር ትል ይበቃዋል። አምባዛ በሽታና በሪዙ እየዳሰሰ ፥ ይልቁንም በማታ ፥ በባሕሩ ወለል ላይ ይፈልጋል ፤ ለእርሱ ሥጋ ወይም የዓሣ አንጀት በእርሳስ አክብዶ ወደ ታች ማስቀመጥ ነው። ከነጭ ዓሣ ወገን ግን ስምንት የሚሆኑት ዓይነቶች ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው ፤ የብረቱ ማንኪያ የሚያገለግለውም ለእነዚህ ነው።

ማንኪያውን ሲመርጡ ብዙዎች ይሳሳታሉ። አፉ ሰፊ ነውና ትልቅ ማንኪያ ይስማማዋል ይላሉ። ነገር ግን ከላይ እንደ ተነገረው የዚህ ዓሣ ጥርስ በጉሮሮው ነው ፤ ጉሮሮውም ከአፉ ይልቅ ጠባብ ስለሆነ የሚያሳድደው ትናንሹን ዓሣ ነው። ስለዚህ ማንኪያው ቀጭንና ከትንሽ ጣት ርዝመት የማያልፍ ይሁን። ውሃው በጠራበት በበጋ ወራት የብር መልክ ያለው ፥ በደፈረሰበት ጊዜ የመዳብ መልክ ያለው ይሻላል።

በጎርጎራ ዳርቻ አንድ ሽማግሌ አጥማጅ የተወለወለውን ማንኪያ ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው ተመለከቱትና «ጌታው ፥ ይህ የተወለወለው ለዓሣው ነው ወይስ ለገዢው?» አሉኝ። እኔም «አባቴ ፥ አንቱስ በምን ይመርጣሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም «የመጀመሪያውን ዓሣ ሆዱን ከፍቼ አያለሁ ፤ የበላውን አይቼ ያንኑ እሰጠዋለሁ» ብለው መለሱ። በመጽሐፍ ከተጻፈው ሁሉ ይህ ቃል ይበልጣል። ሽማግሌው ነገሩን በዚህ አልጨረሱም። «አሁን ግን ሆዱን ከፍተን እንቁላል ያገኘን እንደሆነ መንጠቆውን ጠቅልለን ወደ ቤታችን እንገባ ነበር ፤ ዛሬ ያን የሚያደርግ ጥቂት ነው» አሉ።

መጠመድ ስለማይገባው ወራት

የጉዳዩ ዋና ነገር እነሆ ከዚህ ላይ ነው። ዓሣው በሐምሌና በነሐሴ በወንዙ አፍ ተሰብስቦ ሲቆም ለመያዝ ከሁሉ ጊዜ ይልቅ ይቀላል። መረብ በወንዙ አፍ አግድም የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ታንኳውን ይሞላል። ነገር ግን የሞላው በዚያ ዓመት ዓሣ ብቻ አይደለም ፤ ገና ያልተወለደውንም አብሮ ጭኖታል። ይህ ዓሣ ቶሎ የማያድግ ፥ ለመራባትም ዓመታት የሚቈይ ስለሆነ የጎደለው በቶሎ አይተካም።

በ1978 ዓ.ም. ለአጥማጆች ኑሮ መሻሻል ሲባል ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ገቡ። ሥራው ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነ ፤ ዳሩ ግን ለወንዙ አፍ ወሰን አልተበጀለትም። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ዘመን ሊቃውንት የባሕሩን ዓሣ ቢመዝኑት ነጭ ዓሣ ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህል ጎድሎ አገኙት ፤ የልጆቹ ጉድለት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም በመገጭ አፍ አካባቢ ታየ ፤ ዓሣው ጎርፉን የሚጠብቅበትን ደጃፍ እርሱም ይሸፍነው ጀመር።

ከመረቡ ይልቅ የሚከፋው ብርብራ ነው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ በትንሽ ገባር ውሃ ውስጥ በተበተነ ጊዜ በውስጡ ያለው መርዝ የዓሣውን መተንፈስ ይከለክላል ፤ ዓሣውም ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። መንጠቆ አንዱን ይመርጣል ፤ መረብ እንደ ዓይኑ ስፋት ትልቁን ይዞ ትንሹን ይለቃል ፤ ብርብራ ግን ወላጁንም ልጁንም ፥ የሚበላውንም የማይበላውንም በአንድነት ይገድላል። እንቁላል በተጣለበት ጠጠር ላይ ይህን ማድረግ ዘር ሊዘራበት የታረሰውን ማሳ ከነዘሩ እንደ ማቃጠል ነው።

ዓሣ በሥርዓት እንዲጠመድ የሚያዝዝ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የጣና አካባቢ በዓለም ከተመዘገቡት የተጠበቁ ስፍራዎች አንዱ ሆኗል። ነገር ግን በጽሕፈት ሥራ ያረጀ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው አዋጅ በመዝገብ ስለ ተጻፈ ብቻ አይጸናም ፤ በሹሙ ዓይንና በሕዝቡ ልማድ ይጸናል። የሹሙ ገበታ በነሐሴ ወር እንቁላል ያዘለ ዓሣ የሚቀርብበት ከሆነ አጥማጁን «ለምን አጠመድህ» ብሎ መጠየቅ አይቻልም።

ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

ይህ ነገር ወደ እያንዳንዱ ቤት ወጥ ቤት የሚገባበት ምክንያት ጾም ነው። በጾም ወራት ዓሣ የሚበላም አለ ፥ የማይበላም አለ ፤ በዚያ ላይ ለመፍረድ ይህ ገጽ ስፍራው አይደለም። ሆኖም የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾም ሲሆን ፥ ነጭ ዓሣ ለመራባት ወደ ወንዝ ከሚወጣበት ወራት ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ዓሣ የሚበላ ቤት እንኳ ቢሆን በዚያ ጊዜ ሽሮውንና ክኩን ቢያዘጋጅ ለጾሙም ለባሕሩም ይስማማል። የግድ መግዛት ያስፈለገ እንደሆነ እመቤቲቱ ሻጩን «ከወንዝ አፍ ነው ወይስ ከባሕር?» ብላ ትጠይቅ ፤ ሆዱ በእንቁላል የተነፋውንም ትመልስ። ገዢ የሌለው ዓሣ አጥማጅ አይኖረውም።

ከጥቅምት እስከ ሰኔ መጀመሪያ ያለው ጊዜ ግን ለማጥመድም ለመብላትም የተመቸ ነው። ነጭ ዓሣ ሥጋው ጣፋጭ ሲሆን በሥጋው ውስጥ ብዙ ቀጫጭን እሾህ አለበት ፤ ስለዚህ ከመጠበሱ በፊት ጎንና ጎኑን በስለታም ቢላዋ አቀራርቦ በቀጭኑ መተልተል ይገባል ፤ እሾሁ ተቈራርጦ በዘይቱ ይበስልና ልጆችን አያንቅም። ቀረሶ እሾሁ ጥቂት ስለሆነ ለሕፃናትና ለሽማግሌዎች ይሻላል። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖት ምክንያት የማይበሉት ብዙዎች ናቸው ፤ እንግዳ የሚጋብዝ ሰው ይህን አስቀድሞ ይጠይቅ። ዓሣ በደንብ ሳይበስል መብላት ለሆድ ትል የሚያጋልጥ ስለሆነ ከዚህ መከልከል ይገባል።

ልጆቹን ይዞ ወደ ጎርጎራ የሚወርድ አባት በዳርቻው ውሃ ውስጥ በባዶ እግር እንዳይገቡ ይጠንቀቅ ፤ ቢልሃርዚያ የሚባለው ደዌ ከዳርቻው ቀንድ አውጣ ይወጣልና። በታንኳ ላይ ወይም በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ማጥመድ ይበቃቸዋል። ልጁ የመጀመሪያውን ዓሣ በያዘ ጊዜ ያልደረሰ ሆኖ ቢገኝ እጁን በውሃ አርጥቦ መንጠቆውን ፈትቶ እንዲለቀው አባቱ ያሳየው ፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን ልባስ ይገፈዋልና እጁን ማርጠቡን አይርሳ።

በዳኝነትና በግዛት ሥራ ላይ ያላችሁ አንባቢዎች ሆይ ፥ የመገጭንና የድርማን አፍ በክረምቱ ሁለት ወራት ከመረብ ነጻ ማድረግ ፥ ብርብራ የሚበትነውንም መከልከል ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ሥራ አይደለም። አጥማጁም ድኻ ነውና በእነዚያ ሁለት ወራት የሚውልበት ሥራ ፥ ለምሳሌ እምቦጩን ከወንዙ አፍ እያወጣ ዋጋ የሚያገኝበት ፥ ቢዘጋጅለት ትእዛዙን በደስታ ይፈጽማል። የጣና ነጭ ዓሣ በጣና ከጠፋ እንደ ትራውት ከሌላ አገር አምጥተን የምንተካው አይደለም ፤ በሌላ አገር የለምና። ስለዚህ በመጪው ሐምሌ ጎርፉ ከጎንደር ተራሮች ሲወርድ ዓሣው ወደ ወንዙ የሚገባበት መንገድ ክፍት ሆኖ ይቆየው።